በሐይቁ ወለል የሚራመድ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። እኅቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ወደ እኔ ትመጪያለሽ ወይስ እዚያው ትቀሪያለሽ? እስከ ማታ ቁርጡን ንገሪኝ» ካለችኝ ጀምሮ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተጭኖኝ ስለዋለ፣ ነጠላዬን ደርቤ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ዳርቻ ወረድሁ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ታንኳቸውን ደንገሉ ሥር አስጠግተው መረባቸውን ሲያጥፉ ቆሜ ስመለከት፣ ከእርሳቸው ወዲያ ሁለት ጆሮዎችና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከውኃው ብቅ አሉ፤ እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ተሰማና ውኃው ተመልሶ ገጠመ።

«ሲዋኝ ድምፁ እንኳ አይሰማም» አልኋቸው።

«ጉማሬ መች ይዋኛል ልጄ፤ በእግሩ ነው የሚሄድ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመረቡ ሳያነሡ።

የባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። በልጅነቴ ጉማሬ ማለት ለእኔ አያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚያስፈራራን፣ ከቆዳው የተሠራ አለንጋ ነበር፤ እንስሳውን ከሩቅ ከማየት በቀር አስቤው አላውቅም። ማምሻውን ሳነብ ግን የሽማግሌው ቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት። አጥንቱ ድፍንና ከባድ ስለሆነ ሰውነቱ ከውኃ ይከብዳል፤ ስለዚህ አይንሳፈፍም፣ ወለሉን በእግሩ እየገፋ ረዘም ባለ እርምጃ ይሄዳል። ጣና በጣም በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍምና ዳር ዳሩ ለጉማሬ መስክ እንደ ማለት ነው። በየ5 ደቂቃው ገደማ ለመተንፈስ ይወጣል፤ ተኝቶም ቢሆን ሳይነቃ ወጥቶ ይተነፍስና ተመልሶ ይሰጥማል።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሌሊት በእንቅልፏ መሃል ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች፤ ወዲያው ጸጥ ትላለች፤ ጠዋት ብጠይቃት አንዳች አታስታውስም። እኔ ግን ነቅቼ እሰማታለሁ። ለቅሶ የደረሰን ሰው ሁሉ «ቀለል አድርጉት» ይለን ነበር፤ ቀለል ማድረግ ስላልቻልሁ ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ ስሸማቀቅ ኖሬአለሁ። ያ እንስሳ ግን ቀላል ቢሆን ኖሮ መርገጫ ባላገኘ ነበር፤ ወለሉን የሚያስረግጠው ክብደቱ ነው። እኔም በእነዚህ ሁለት ዓመታት ወደ ፊት የሄድሁበት ቀን ካለ፣ ኀዘኔን ይዤ እንጂ ጥዬው የሄድሁበት አይደለም።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት በደንገሉ መካከል የተከፈተ መንገድ አሳዩኝ። ጭቃው ውስጥ ጎን ለጎን የተቦረቦሩ ሁለት ቦዮች ናቸው፤ የጉማሬው የግራ እግሮች በአንዱ፣ የቀኝ እግሮቹ በሌላው ስለሚያልፉ መካከሉ ከፍ ብሎ ሣር አብቅሏል። አጎንብሼ እጄን ብከትተው እስከ ክንዴ ድረስ ጠለቀ። ሲመሽ በዚህ ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል፤ ፀሐይ ቆዳውን ስለምታደርቀው ሳይነጋ በዚሁ ይመለሳል። ሣሩ ባነሰ ጊዜ ወደ በቆሎው ይገባል፤ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ማሳውን ሲጠብቅ በሚያድረው ገበሬም አልፈርድም፤ የዓመት ጉሮሮው ነው።

አሁን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ተንፍሳ ጸጥ ብላለች። ከዓይኔ ያልጠፋው ያ መንገድ ነው። ስንት ሌሊት ቢመላለሱበት ነው ጭቃው ይህን ያህል የጎደጎደው? ጉማሬውስ ሁልጊዜ በዚያው የሚመለሰው መንገዱን ስለሚወደው ነው ወይስ እግሩ ከቦዩ መውጣት ስለማይችል?