የደንገል ቦርሳ፦ ከጥር እስከ ጥቅምት

ባለፈው ስጽፍላችሁ «ቦርሳዎቼን መሸጥ ልጀምር ነው» ብዬ ነበር። ሸጥኩ። ከሰርኩም።

ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፋሽን ዲዛይን ተመርቄያለሁ። ሥራ ስፈልግ ቆይቼ ሲሰለቸኝ፣ ጥር ላይ እቁብ ወጣልኝ። ያገለገለ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ገዛሁበት። ሐሳቡን ያገኘሁት ጣና ዳር ነው። ወደ ዘጌ የሚሻገር ቱሪስት ከደንገል፣ ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ የተሠራችውን ትንሽ ታንኳ ለማስታወሻ ይገዛል። አገሩ ሲገባ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣታል፣ አለቀ። ያው ደንገል በየቀኑ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ቢሆንስ አልኩ።

መጀመሪያ በኮምፒውተር ነደፍኩት። ማዕዘኑ ሹል፣ ክዳኑ እንደ ፖስታ የሚታጠፍ። ስክሪን ላይ ሲያዩት ያምራል። ደረቅ ደንገል ግን ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ሦስት ናሙና በዚሁ ተበላሸብኝ። አራተኛውን ይዤ ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ደንገል ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። አገላብጠው አዩት።

«ማነው እንዲህ አርገሽ ስበሪው ያለሽ፣ ልጄ?»

«ዲዛይኑ ነው አባባ።»

ሳቁ። ቆይተው ግን የቆመች ታንኳ ጋ ወስደው አፍንጫዋን አሳዩኝ። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይቀለበሳል እንጂ የትም ቦታ ላይ እጥፋት የለውም። ደንገሉን አርሼ፣ አጉብጬ፣ እንደታሰረ እንዲደርቅ መተው እንዳለብኝ ነገሩኝ። ክዳኑን ጣልኩት። አሁን ቦርሳዬ እንደ ታንኳ ሆድ የጎበጠ ነው፤ አፉን የሚዘጋው ሸማኔ የሠራው ባለ ጥለት ጨርቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ንድፌ ይበልጣል።

ወደ ኪሳራው ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቦርሳዎች እያንዳንዳቸውን በ1,000 ብር ሸጥኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ማታ ሒሳብ ስሠራ፦ ደንገል 120፣ ገበር 180፣ ዚፕ 60፣ የቆዳ ማንገቻ 350፣ ለሸማኔው 400። ድምሩ 1,110 ብር! በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ 110 ብር መርቄ ነው የሸጥኩት። የራሴ ጉልበት ደግሞ እዚህ ውስጥ የለም። አንዱን ለመስፋት አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል። አሁን ማንገቻውን ከቆዳ ወደ ሽመና ቀይሬ፣ ዋጋውን 1,800 አድርጌዋለሁ። «ተወደደ» የሚል አለ። ይበል።

ሐምሌ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። አንድ ሆቴል ለስጦታ መሸጫው 20 ቦርሳ አዘዘ። በስልክ ብቻ፣ ያለ ቀብድ። እኔ ሞኟ 11 ሠርቼ፣ አቧራ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልዬ ደረደርኳቸው። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስከፍታቸው ሽታው ብቻ አባረረኝ፤ ሁሉም ሻግተዋል። ሆቴሉም «ሐሳባችንን ቀይረናል» አለ። ያን ቀን ሲንጀሩን ልሸጠው ነበር።

አባባ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን ወደ ዳርቻው በእጃቸው አመለከቱ። ከሐይቁ የወጡት ታንኳዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ውሃው ይንጠፈጠፍላቸዋል፣ ነፋስ ያገኛቸዋል። ስንት ዓመት እያየኋቸው አልፌያለሁ! «ደንገል ይተንፍስ፤ አፍነሽው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፌስታል የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም። ቦርሳዎቹ ሽቦ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ የሚላኩትም በወረቀት ነው የሚጠቀለሉት። ከግማሽ ያላነሰ ቀብድ ሳልይዝ ደግሞ መቀስ አላነሳም፤ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም።

ስለ ንግድ ምዝገባው ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጥቻለሁ፣ ንግድ ፈቃድም አለኝ። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር፣ የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ነው፤ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። እኔ ገና አላስመዘገብኩም። አርማዬን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ ሦስተኛውም ብዙ አልጣመኝም።

አሁን የሚያሳስበኝ ደንገሉ ራሱ ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰ፣ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም እየገፋው፣ አባባ ድሮ ከደጃቸው ያጭዱት የነበረውን ዛሬ ርቀው ሄደው ነው የሚያመጡት። ትርፍራፊው እንዳይጣል ብዬ ከቁርጥራጩ የቁልፍ ማንጠልጠያ ጀምሬያለሁ። ስድስት ሠርቼ አራቱ ተፈትተውብኛል። ቅዳሜ አባባ ቋጠሮውን ሊያሳዩኝ ቀጥረውኛል፤ ቡናውን እኔ ነኝ የማመጣው።