የጋሻ አርማ ልምምዴ፦ አሁን ማክሊዮዶች ላይ ደርሻለሁ

ሰላም ጓዶች። የቤተሰብ አርማ ማንበብና መሳል መማሬን አላቆምኩም። ሰሞኑን የያዝኩት የስኮትላንዶቹን ማክሊዮዶች ነው።

መጀመሪያ የባለቤትነቱን ነገር ላንሳ። ኢንተርኔት ላይ "የአያትህ ስም አርማ" እያሉ ኩባያና ቲሸርት የሚቸበችቡትን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ስኮትላንድ ላይ ይሄ አይሠራም። ጋሻው የአንድ ሰው ንብረት ነው፣ የማክሊዮዶቹም የጎሳው አለቃ ነው። ኤደንብራ ውስጥ ሎርድ ላየን የሚባል ሹም ይቆጣጠረዋል፤ የራሱ ፍርድ ቤት አለው፣ የአርማ መዝገቡም የቆመው በ1672 በወጣ ሕግ ነው። ታዲያ የጎሳው ማኅበር አባላትስ? እነሱ ከአለቃው ራስ ቁር በላይ ያለውን ምልክት ብቻ ይወስዱና ዘለበት ባለው ቀበቶ ከብበው፣ መሪ ቃሉን ቀበቶው ላይ ጽፈው ቆባቸው ላይ ይሰኩታል። የአለቃው ወገን ነኝ ማለት ነው፣ በቃ።

ምልክታቸው ፊት ለፊት የሚያፈጥ ጥቁር የኮርማ ራስ ነው። ቀንዱ ወርቅ፣ ግራና ቀኙ ቀይ ባንዲራ። መሪ ቃሉ "አጥብቀህ ያዝ" ይላል። ማልኮም የሚባል የጥንት አለቃቸው ግሌኔልግ ላይ ጩቤ ብቻ ይዞ አንድ ኮርማ ገጥሞ ጣለ፣ ቀንዱንም ይዞ ተመለሰ ይባላል። ቀንዱ ዛሬም ስካይ ደሴት፣ ደንቬጋን ግንብ ውስጥ አለ። በልማዳቸው ወራሹ ወይን ተሞልቶለት በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ አለበት። እኔ ቀይ ጀግንነት ነው፣ ሰማያዊ ታማኝነት ነው የሚሉትን ሰንጠረዦች የተውኳቸው እንዲህ ያለውን ካየሁ በኋላ ነው። አርማ ውስጥ ታሪኩ ይበልጣል።

ጋሻው አራት ቦታ ይከፈላል። ሁለቱ ላይ በሰማያዊ መደብ የብር ግንብ አለ። ቀለም ቀለም ላይ፣ ወርቅና ብርም እርስ በርስ አይደረብም፤ ከሩቅ እንዲለይ ነው። ሁለቱ ላይ ደግሞ በቀይ መደብ፣ ጭናቸው መሃል ላይ የተገናኘ ጥሩር የለበሱ ሦስት እግሮች አሉ፤ በብሪታንያና በአየርላንድ መሃል ያለው፣ "ማን" የሚባለው ደሴት ምልክት ናቸው፣ ማክሊዮዶች የዘር ሐረጋቸውን ከዚያ ነገሥታት ይስባሉና።

በእርሳስ ስለምሠራ ቀለሙን በመስመር ነው የማሳየው፦ አግድም ሰማያዊ፣ ቁልቁል ቀይ፣ ነጠብጣብ ወርቅ፣ ባዶው ብር። ግንቡ አልቋል። ቀሪው እግሮቹ ናቸው፣ ሦስቱም ጉልበት እኩል እንዲታጠፍ ማድረግ ደግሞ ያደክማል። በኮምፓስ የሠራችሁት ካላችሁ መሃሉን እንዴት እንደያዛችሁት ንገሩኝ።