አራት የወረቀት ማዕዘን

ዛሬ ለታናሽ እህቴ ብርድ ልብስ ላደርስላት ዩኒቨርሲቲዋ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማ አገኘኋት። የክርክር ክበባቸው የለጠፈው ወረቀት ተቀዷል። ርዕሱ "የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ እንዴት ይካሄድ?" የሚል ነበር።

"ማን ቀደደው?"

"ማኅተም የለውም ተብሎ ነው።"

ማኅተም ለማስመታት ሁለት ቢሮ ዞራለች። አንዱ ጋ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባለች። ሌላው ጋ ደግሞ "ርዕሱን ቀይሩት"።

ዓይኔ ከሰሌዳው አልነቀል አለ። አራቱ የወረቀቱ ማዕዘኖች ከነፕላስተራቸው ቀርተዋል። ታች በቀኝ በኩል ባለችው ቁራጭ ላይ "ሁላችሁም ተጋ" ትላለች፤ እዚያ ላይ ተቆርጣለች። አጠገቧ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ አለ፤ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አርፎበታል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ለማንኛውም ሰው ነው የሚሰጠው። የቦታና የሰዓት ሥርዓት ይኑር፣ ሰሌዳው የጋራ ነው። ርዕስ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ የወጡትን ተማሪዎች እኮ ዛሬ በታሪክ ትምህርት እናነሳቸዋለን።

እህቴ ብርድ ልብሱን ተቀበለችኝ። "ነገ ቢሮው ሲከፈት እሄዳለሁ" አለች። ርዕሱን አልቀየረችውም።