በቶሮንቶ ደሴቶች ላይ የጸደይ ተሰዳጅ ወፎችን ስከታተል

ወፍ ማየት በጀመርኩበት ዓመት ትልቁ ስህተቴ የምሄድበትን ቀን በራሴ ምቾት መምረጤ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቅዳሜ እየጠበቅኩ፣ ከቤይ ጎዳና ማብቂያ በሚነሣው ጀልባ ተሳፍሬ በደሴቶቹ ምሥራቅ ጫፍ ባለው ዋርድስ አይላንድ እወርድና፣ በምዕራብ ጫፍ እስካለው ሃንላንስ ፖይንት ድረስ ያለውን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስገሰግስ እውላለሁ። ማታ ደብተሬን ስገልጥ የማገኘው ከተማው መሃል ቆሜም ላያቸው የምችላቸውን ዝይዎች፣ ዳክዬዎችና እርግቦች ብቻ ነበር። ኤፕሪል በዚህ አለቀ፤ የሜይም ግማሽ ተከተለው።

ነገሩ የገባኝ ወፎቹ በምን ሰዓትና በምን ነፋስ እንደሚጓዙ ካወቅኩ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ ተሰዳጅ ወፎች የሚበሩት ሌሊት ሲሆን፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥተው፣ ከደቡብ የሚነፍስ ነፋስ እየገፋቸው፣ በዚህ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የኦንታሪዮ ሐይቅ ያቋርጣሉ። ሌሊቱ ጥርት ያለና ነፋሱ የተመቻቸው ከሆነ ብዙዎቹ እኛ ተኝተን ሳለ ከጣራችን በላይ አልፈው ወደ ሰሜን ይቀጥላሉ። ሐይቁ ላይ እንዳሉ ዝናብ ወይም ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ከተቀበላቸው ግን ፊት ለፊታቸው ያገኙት የመጀመሪያ ዛፍ ላይ ይወድቃሉ። ያ ዛፍ ያለው ደሴቶቹ ላይ ነው። ደሴቶቹ ራሳቸው ከስካርቦሮ ገደሎች ታጥቦ የመጣ አሸዋ የሠራቸው ሲሆኑ፣ በ1858 የተነሣ ማዕበል እስኪበጥሳቸው ድረስ ከየብሱ ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ልማዴን ለወጥኩ። ማታ ማታ የአየር ትንበያ አያለሁ፤ ሌሊቱን የደቡብ ነፋስ ነፍሶ ንጋት ላይ ዝናብ ወይም የነፋስ ለውጥ የሚኖር ከሆነ፣ ሥራ ቢኖረኝም ባይኖረኝም የመጀመሪያው ጀልባ ላይ ነኝ። (ለዚህ ስል ከዓመት ፈቃዴ ምን ያህሉን እንደጨረስኩ አለቃዬ ባያውቅ ይሻላል።) በሜይ አጋማሽ እንዲህ ያለ አንድ ጠዋት ገጠመኝ። ካፊያ እየጣለ፣ ጀልባው ላይ ከእኔና ከጥቂት የደሴቱ ነዋሪዎች በቀር ማንም አልነበረም። በ1808 የተሠራውን የጂብራልታር ፖይንት የመብራት ማማ አልፌ ወደ ሐይቁ ዳር ስወርድ፣ በወትሮው ከዛፍ ጫፍ ላይ ማጅራቴ እስኪቆለመም አንጋጥጬ የምፈልጋቸው ወፎች አሸዋው ላይ ሲዘሉ አገኘኋቸው። ከጉልበቴ በታች፣ ማዕበል ባመጣው ደረቅ ሸንበቆ መሃል፣ ጉሮሮው እንደ ፍም የቀላ ብላክበርኒያን ዋርብለር ትንኝ ይለቅም ነበር (ዋርብለር የሚባሉት ነፍሳት የሚለቅሙ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ናቸው)። ክብደቱ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ክረምቱን የሚያሳልፈው በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ላባው ርሶ ከሰውነቱ ተጣብቋል፤ እኔን ዞር ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ አልነበረውም። ባይኖኩላሬ ያን ያህል ለቀረበ ነገር አልሠራ ስላለኝ አውርጄ በዓይኔ አየሁት።

ሁለተኛው ለውጥ መራመድ መተዌ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ትንኝ ነፋስ በማያገኘው የቁጥቋጦ ወገን ይከማቻል፤ ወፎቹም ትንኙን ይከተላሉ። ስለዚህ ስደርስ መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ እለይና፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትንና ከነፋስ የተከለለውን የአኻያ ጥግ መርጬ አንድ ሰዓት ያህል እቆማለሁ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምንም ያለ አይመስልም። ከዚያ ጅራቱን ያለማቋረጥ የሚነቀንቀው ፓልም ዋርብለር፣ ቢጫ ደረቱ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው ማግኖሊያ ዋርብለር፣ እንደ ሰው መሬት ላይ የሚራመደው ኦቨንበርድ ተራ በተራ ይወጣሉ።

ስለ መሣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። በመጀመሪያ የገዛሁት 12 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ነበር፤ እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም ስፋት ጠባብ ስለሆነ ቅጠል ለቅጠል የሚዘልን ወፍ ተከትሎ ማግኘት ጭንቅ ነው። አሁን የምይዘው 8 እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም የሚናገረው መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያም ረድቶኛል፤ ነገር ግን አንድ ሰሞን ስልኬ ስሙን ያወጣውን ሁሉ እንዳየሁት አድርጌ ስመዘግብ ቆይቼ፣ ደብተሬ ላይ ከሰፈሩት ውስጥ የትኛውን በዓይኔ እንዳየሁ መለየት ሲያቅተኝ ያንን ወር ሙሉውን ሰረዝኩት። አሁን መተግበሪያው ምን እንደምፈልግ ይጠቁመኛል እንጂ ምን እንዳየሁ አይነግረኝም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የጉጉቷ ነገር ነው። በኤፕሪል መጀመሪያ አንድ ጥድ ላይ ሶ ዌት የሚሏትን፣ ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ ጉጉት ተኝታ አገኘሁና ቦታውን ለማውቃቸው ሁሉ ተናገርኩ። በማግስቱ ስመለስ ከዛፉ ሥር ካሜራ የደቀነ ሰው ተኮልኩሏል፤ አንዱ ዓይኗን እንድትገልጥ ቅርንጫፉን ይነቀንቃል። ጉጉት ቀን የምታርፈው ሌሊት ለማደንና ለመብረር ጉልበት እንዲኖራት ነው። ከዚያ ወዲህ የጉጉት ማረፊያ ለማንም አልናገርም፤ ወፍ ለመጥራት ብዬም የተቀዳ ድምፅ አላጫውትም።

ከደሴቱ ስመለስም ዓይኔን ወደ ሰማይ ብቻ አላደርግም። ሌሊት የሚጓዙ ወፎች የሕንፃ መብራት ያሳስታቸዋል፤ ሲነጋም በመስታወት ውስጥ የሚታየውን የዛፍ ነጸብራቅ እውነተኛ ዛፍ ነው ብለው ይላተማሉ። ከሕንፃ ጋር የሚላተሙ ወፎችን ለመታደግ የሚሠራው ፍላፕ የተባለው ድርጅት በ1993 በዚሁ ከተማ የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ጥቂት የወረቀት ከረጢቶች እይዛለሁ፤ ተላትሞ የደነዘዘ ወፍ ከተገኘ ከረጢቱ ውስጥ አስገብቶ፣ አፉን አጥፎ፣ ውኃም ምግብም ሳይሰጡ ጸጥ ያለ ጨለማ ቦታ ማቆየትና ወደ ዱር እንስሳት ሐኪሞች ማድረስ ይገባል።

የሜይ መጨረሻ ላይ የብላክፖል ዋርብለር ቀጭን ድምፅ ሲሰማ ፍልሰቱ እየተገባደደ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ጎጆ ሠርተው የሚከርሙት ናቸው። ከእነሱ መካከል ትከሻው ላይ ቀይ ጥለት ያለው ጥቁሩ ሬድ ዊንግድ ብላክበርድ ጎጆውን ለመጠበቅ ከኋላ እየመጣ ጭንቅላት ይቆነጥራል። ባለፈው ዓመት ኮፍያዬን ሁለት ጊዜ አስጥሎኛል፤ ዘንድሮ ያንን የሸንበቆ ዳር ትቼ በሌላ መንገድ ወደ ጀልባው ሄድኩ።