የሮኪ ተራሮች የጁላይ ጉዟችን፦ ዕቅዱ የደረሰበት

ከዳላስ ተነሥተን በኮሎራዶ ወደሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ለምናደርገው የቤተሰብ ጉዞ የማደርገው ዝግጅት መልክ እየያዘ ስለሆነ፣ እስካሁን የተማርኩትን ተመሳሳይ ጉዞ ለምታስቡ ላካፍል። ዋናው ነገር የዚህ ተራራ ዕቅድ ከከሰዓቱ ነጎድጓድ መጀመር እንዳለበት ነው፤ ማረፊያውም ሆነ የሚጎበኘው ቦታ ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

በጁላይና በኦገስት ጠዋቱ ብራ ይሆንና ቀትር ሲቃረብ በተራራው ጫፍ ላይ ደመና ይከማቻል፤ ዝናብና መብረቅም ይከተላል። የአዲስ አበባን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ከ3,500 ሜትር ገደማ በላይ ዛፍ ስለሌለ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ከሣሩና ከድንጋዩ በላይ ቀና ብሎ የሚታየው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቀን መነሻ ከመመለሻው ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ አሰላሁ። ለምሳሌ በፓርኩ ውስጥ ካለው የቤር ሌክ ሐይቅ በድሪም ሌክ በኩል ወደ ኤመራልድ ሌክ ሐይቅ የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይሁንና ልጆች ስለያዝን አራት ሰዓት መደብኩለት፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከተነሣን ደመናው ሳይከብድ እንመለሳለን ማለት ነው።

የመግቢያ ፈቃዱንም የመረጥኩት በዚሁ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው አሠራር፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ በቀኑ ዋና ዋና ሰዓታት በመኪና ለመግባት ሰዓቱ የተወሰነ ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ የቤር ሌክን መንገድ የሚጨምረው ፈቃድ ደግሞ ከሌላው የተለየ ነበር። የጁላይ ፈቃድ ጁን 1 ቀን ይለቀቅ ነበር፣ ጥቂቱም ለመግቢያው ቀን ዋዜማ ምሽት ይቆይ ነበር።

ከፍታው ሌላው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ከፍታ አይነካንም ብለን እናስባለን፤ ሆኖም ሰውነት ቆላ ሲቀመጥ የለመደውን በሳምንታት ውስጥ ይተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከፍታው ለአዲስ አበባ በሚቀርበው በኢስተስ ፓርክ ከተማ አድርጌ፣ እስከ 3,713 ሜትር የሚወጣውን የፓርኩን የመኪና መንገድ፣ ትሬይል ሪጅ ሮድን፣ ወደ ጉዞው መጨረሻ ገፋሁት። እዚያ ላይ በጁላይም በረዶ ሊጥል ስለሚችል ጋቢ በመኪናው ውስጥ አይጠላም።

ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቂ ናቸው። በድንኳን ስናድር ግን በድቦቹ ምክንያት ምግቡ፣ ድስቱና ሳሙናው ሳይቀር በድንኳን ሰፈሩ የብረት ሣጥን ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማደር አለበት።

አሁን የቀረኝ ደመናው ገና በጠዋት ለሚመጣበት ቀን አማራጭ ማዘጋጀት ነው፤ ለጊዜው ያሰብኩት በሞሬይን ፓርክ ሜዳ ዳር ሆነን ኤልክ የሚባሉትን ትልልቅ አጋዘኖች፣ ደንቡ እንደሚያዘው ቢያንስ 23 ሜትር ርቀን፣ መመልከት ነው። በዝቅተኛው በኩል ለልጆች የሚመች ሌላ መንገድ የምታውቁ ብትጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።