እስስት ምን ትበላለች?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እሁድ ነው፣ ያጠብኩት ልብስ አልደረቀም፣ ከአልጋ የወረድኩትም በግድ ነው። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም። ዝም ብሎ የሚከብድ ቀን አለ አይደል፣ እንደዛ ያለ ቀን ነው።

ትንሹ ልጄ ኦክቶኖትስን እያየ ነበር፤ ባሕር ውስጥ እየዞሩ ሌሎች እንስሳትን ስለሚረዱ እንስሳት የሚያወራ ካርቱን ነው። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሳሎን መሀል ጎትቶ አምጥቶ ውስጡ ተቀምጧል። ሳፋው ጋፕ-ኤ ነው፣ ባሕር ውስጥ የሚሄዱበት መርከብ። ድመቷ ደግሞ ታማሚ ናት። የፊት እግሯን በሶፍት ጠቅልሎላታል፤ ፔሶ የሚባለው ሐኪሙ ፔንግዊን እንደዛ ስለሚያደርግ። እሷም አመሏ ሆኖ ዝም ብላ ትታከማለች።

ባለፈው ታላቅ እህቴ መጥታ «ይሄን ካርቱን እንዲሁ ትለቂለታለሽ፣ ምን ይጠቅመዋል?» ብላኝ ነበር። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ሻዬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልኩና አብሬው አየሁ።

ጥሩ ነው። በደንብ ጥሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 መታየት የጀመረ ነው፤ አንዱ ክፍል 11 ደቂቃ ቢሆን ነው። ካፒቴኑ ነጭ ድብ ነው። ነጭ ድብ ሰሜን ዋልታ፣ ፔንግዊን ደቡብ፤ በተፈጥሮ እንደማይገናኙ ብነግረው «ለዛ ነዋ መርከብ የገዙት» አለኝ። የሚያገኟቸው እንስሳት ግን በእውነት ያሉ ናቸው። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚኖሩ በዘፈን ይነግሩታል፤ ትክክለኛ ምስላቸውንም ያሳዩታል። ዘፈኑን በእንግሊዝኛ በቃሉ ያውቀዋል። በአማርኛ ቢሆን ብዬ ሁሌ እመኛለሁ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ክፉ እንስሳ የለም። የሚናከስ አለ፣ የሚናደፍ አለ፣ ክፉ የለም። የነከሰው ወይ ርቦታል፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ልጆቹን እየጠበቀ ነው። እኛ ያደግንበት ተረት ውስጥ ጅብ ሆዳም ነው፣ ጦጣ ብልጥ ናት፣ እባብ ከሃዲ ነው። ተረቱን እወደዋለሁ፣ ለልጄም እነግረዋለሁ። ግን ያ ተረት የሚያወራው ስለ ሰው ነው። ስለ ጅቡማ ምንም አልነገረንም።

ዛሬ ያየነው ክፍል ስለ አስመሳዩ ኦክቶፐስ ነው፣ ስምንት ክንድ ስላለው የባሕር እንስሳ። ተመራማሪዎች ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት አጠገብ። ክንዶቹን እንዲህ ሲያደርጋቸው መርዘኛ ዓሣ ይመስላል፤ እንዲያ ሲያደርጋቸው የባሕር እባብ። ከሚበላው ለማምለጥ ነው።

«ልክ እንደ እስስት» አልኩ፣ ሳላስበው።

ከሳፋው ውስጥ ዞር ብሎ አየኝ። «እስስት ምንድን ናት?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ካርቱኑ ምን ላይ እንደደረሰ አላውቅም።

የድሮው ግቢያችን አጥሩ ጽድ ነበር። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሊከፈት ነው። ከመሀላችን አንዱ «እስስት!» ብሎ ጮኸ፣ ሁላችንም ሮጥን። አረንጓዴ ናት፣ የጽዱን አረንጓዴ። ቅርንጫፉን በሁለት በኩል በተከፈሉ ጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛዋለች። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ትወዛወዛለች፣ ንፋስ እንደነካው ቅጠል። አንዱ ዓይኗ እኔን ያየኛል፣ ሌላው ወደ ኋላዋ ይዞራል። ያስፈራን እሱ ነው መሰለኝ። እንዳትነኳት፣ መርዝ ናት ይባል ነበር።

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ሌላ ልጅ ነው። ሁለተኛውን እኔ።

ጠቆረች። ዓይናችን እያየ ያ አረንጓዴ ጥቁር ሆነ። አፏን ከፈተች፣ ሰውነቷን ነፋች፣ ሂስ የሚል ድምፅ አወጣች። «አያችሁ! ሰይጣን ናት!» አልን። ከዛ በኋላ ድንጋዩ በዛ።

መጥቆሯ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እስስት ስትፈራና ስትጨነቅ ትጠቁራለች። በአብዛኛው ቀለሟን የምትቀይረው ያለችበትን ቦታ ለመምሰል አይደለም፤ ሲበርዳት፣ ስትናደድ፣ ባላንጣ ስታይ ነው። ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። እነሱ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚታየን ቀለም ይለወጣል፤ የጄኔቫ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ይህን ያሳዩት። የሆዷን ነው የምታወጣው ማለት ነው። እኛ ውስጡ የማይታወቅ ሰው ሲያጋጥመን «እስስት» እንለዋለን። እሷ ግን ፍርሃቷን እንኳ መደበቅ አትችልም። ያን ቀን ፈርቻለሁ ብላ እየነገረችን ነበር፣ በምትችለው ቋንቋ።

ከነዚያ ልጆች አንዳችንም ክፉ አልነበርንም። አንዱ ዛሬ ሐኪም ነው። በጣም ሩህሩህ ሰው ነው። ብቻ ያን ቀን ከመሀላችን ምን ትበላለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እናቶቻችንን ያስመረረውን ዝንብ እንደምትበላ የነገረን ትልቅ ሰውም አልነበረም።

የኔ ልጅ ይጠይቃል። ግን እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ያ የጽድ አጥር ፈርሶ ብሎኬት ከሆነ ቆይቷል። ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚያበራውን ዓሣ ከነስሙ ያውቃል፤ ፌንጣ በእጁ ይዞ አያውቅም። እኔ እስስቷ ነበረችኝ፣ እሱ ደግሞ ጥያቄው አለው። ይሄን ሳስብ ነው ደረቴ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠው።

«እስስት ምን ትበላለች?»

«ዝንብ። ፌንጣ። ምላሷን ወንጭፋ ነው የምትይዘው፣ ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል።»

«አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«በቅርብ?»

«በጣም በቅርብ።»

ከሳፋው ወጣ። ሶፍቱን እንደያዘ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተደገፈ። «ተጎድታ ነበር?» አለኝ።

ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ተነሳሁ። አሁን ተኝቷል፣ ዝናቡም አቁሟል። እሱ እንደሆነ የጠየቀውን አይረሳም፣ ነገ ጠዋት ገና ካልሲውን ሳደርግለት ይመለስበታል። ምን እለዋለሁ?