አራት ኪሎ፣ እንዶድ እና በአዲስ ዘመን የተጠቀለሉ ቅጠሎች

የምኖረው ስዊድን፣ ኡፕሳላ ነው። የከተማው ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1477 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የማውጣትን ሥርዓት የዘረጋው ሊኒየስ ያስተማረበት ቦታ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬንም እዚሁ ሠርቻለሁ። ሳይንስ የት ተማርክ ለሚለኝ ሰው ግን መልሴ አራት ኪሎ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲጀመር እዚያ ነበር። እኛ ባዮሎጂ የገባን ልጆች ይህን ታሪክ ብዙም አናስታውሰውም፤ የሚያስጨንቀን ግሬድ ነበር። ግን ጊቢው ራሱ ያስተምራል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አለ። የእንስሳት ሙዚየሙ አለ። የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየሙም እዚያው ነው።

የእኔ ልብ የቀረው ሄርባሪየሙ ውስጥ ነው። መምህራችን መናገሻ ሱባ ደን ይዘውን ይወጡ ነበር። ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን እየዞርን እናያለን። «መጀመሪያ ጨምቃችሁ አሽትቱ፣ ከዚያ መጽሐፍ ትገልጣላችሁ» ይሉናል። የቆረጥነውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ዘርግተን በእንጨት መጫኛ እናስረዋለን። ጋዜጣው ሁልጊዜ አዲስ ዘመን ነው። እርጥበቱን ስለሚመጥ በየቀኑ ይቀየራል፤ አለዚያ ቅጠሉ ይሻግታል። መለያው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የአበባው ቀለም ይጻፋል። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ እዚያው ዛፉ ሥር ቆሞ መጻፍ ግድ ነው። የአካባቢው ገበሬ ተክሉን ምን ብሎ እንደሚጠራውና ለምን እንደሚጠቀምበትም ይጨመራል። መምህራችን ገበሬውን የሚያዳምጡት ልክ እንደ ሥራ ባልደረባቸው ነበር። ያንን አክብሮት እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከእነሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ተከታተሉት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ የስዊድን ነው። እናቴ ነጠላዋን የምታጥብበት እንዶድ ሳይንስ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

ማይክሮስኮፕ ለብዙ ሰው አንድ ነው። ተራህ ሲደርስ ያየኸውን ቶሎ በእርሳስ መሳል አለብህ። እጃችንም ዓይናችንም የሰላው በዚያ ይመስለኛል።

ኡፕሳላ ስመጣ አንድ ነገር ገረመኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ ለማሳተም በ1980 የተጀመረውን ትልቅ ሥራ አራት ኪሎና ኡፕሳላ አብረው ነው የሠሩት። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዞ በ2009 ተጠናቀቀ። ሲመሩት ከነበሩት አንዱ የአራት ኪሎው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እዚህ ያለው ሄርባሪየም ውስጥ ገና ወረቀት ላይ ያልተለጠፉ የኢትዮጵያ ናሙናዎች አሳዩኝ። ስገልጣቸው የተጠቀለሉበት አዲስ ዘመን ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ርዕሰ አንቀጹን ሳይቀር አነበብኩት። አብራኝ የነበረችው ስዊድናዊት ምን እንደተጻፈ ጠየቀችኝና መተርጎም ጀመርኩ፤ ሁለታችንም ምሳ ረሳን።

ባለፈው ክረምት ልጆቼን አዲስ አበባ ወስጄ አራት ኪሎ ጊቢ አስገባኋቸው። ሙዚየሙን ወደዱት። ትንሿ ልጄ ዋልያው ፊት ቆማ አልሄድም አለች። በሚቀጥለው ባሌ ወጥተን ጅባራን እናያለን ብያታለሁ። አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል መሆኑን ነግሬያት አላመነችኝም።